ከየትኛው ወደብ እንነሣ?

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ጉዞም እንደ ነገርና እንደ ውሃ ነው፤ ምንጩ ካልጠራ መንገዱ ሁሉ ደፍርሶ ይቀራል። ብዙ ሰው ግን ስለሚሄድበት ቦታ ሌት ተቀን ሲያስብ ከርሞ፣ ከየት እንደሚነሣ የሚያስበው ስንቁን ከቋጠረ በኋላ ነው። በየብስ ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ መንገድ የሳተ እግረኛ ጠይቆ ይመለሳልና። በውሃ ላይ ለሚሄድ ግን መነሻው የጉዞው እኩሌታ ነው። ይልቁንም ጀልባ ተከራይቶ ከደሴት ወደ ደሴት ለመሻገር ላሰበ ሰው፣ የመነሻው ወደብ ምርጫ ከጀልባዋ ምርጫ የሚቀድም ጉዳይ መሆኑን በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት አስበናል።

አንባቢዎቻችን «የሰቆጣ ሰው ስለ ወደብ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። በእውነቱ ዋግ ተራራና ገደል የበዛበት አገር ነው። በልጅነታችን የምናውቀው ውሃ በክረምት ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የሚሄድ፣ በበጋ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆኖ የሚቀር ወንዝ ነበር። የደገኛ ልጅ ዋና ሳይማር ስለሚያድግ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረት ለኛ ምክር ብቻ ሳይሆን ሕግ ነበር። ነገር ግን ስለ ውሃ አብዝቶ መጠየቅ የሚገባው ውሃን የማያውቅ ሰው ነው። ባሕር የለመደውን ሰው ልማዱ ይመራዋል፤ ልማድ የሌለው ግን በማሰብ ካልሆነ በምን ይመራል?

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል። በካሪቢያን ባሕር፣ በሲሼልስና በግሪክ ደሴቶች መካከል የሸራ ጀልባ ተከራይቶ ሳምንት ያህል በውሃ ላይ መሰንበት የታወቀ የዕረፍት ልማድ ነው። በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ ቶርቶላ የተባለችው ደሴት ለኪራይ ጀልባዎች ዋና መነሻ የሆነችበት አንዱ ምክንያት፣ ጎረቤቶቿ ደሴቶች በዓይን የሚታዩ በመሆናቸው ነው፤ ጀማሪው መንገደኛ ገና ሲነሣ መድረሻውን እያየ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ በሴንት ሉቺያና በግሬናዳ መካከል ለሚመላለስ ግን በደሴቶቹ መካከል ያለው ውሃ ሰፊ ነው፤ ነፋሱም በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሲሄድ ያገዘው ነፋስ ሲመለስ ሊያስቸግረው ይችላል። ጀልባዋን በአንዱ ወደብ ተረክቦ በሌላው ለማስረከብ የሚሻም ተጨማሪ ኪራይ ይጠየቃል፤ ወደ ቤቷ የሚመልሳት ሌላ ሰው ያስፈልጋልና። በሲሼልስ ደግሞ አብዛኛው ሰው ከማሄ ደሴት ይነሣል፤ የዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ እስከ ወደቡ ለመድረስ ምን ያህል ድካም አለ? ሁለተኛ፣ ከወደቡ እስከ መጀመሪያው ደሴት ምን ያህል ውሃ አለ? ሦስተኛ፣ ነፋሱ የሚያግዘን ስንሄድ ነው ወይስ ስንመለስ? አራተኛም ጥያቄ አለ፤ እርሱን ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት የዋግ እናት የተማርነው ስለሆነ በቦታው እናወሳዋለን።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ምጽዋና የዳህላክ ደሴቶች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ነጻ መንግሥት የሆነችው የኤርትራ ናቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ በገዛ አገሩ ደሴት ማየት ሲመኝ ዓይኑ ወደ ሐይቆቹ፣ ወደ ዝዋይና ይልቁንም ወደ ጣና ይመለሳል። ጣና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ አካባቢ የሚገኝ ስለሆነ፣ በጂኦግራፊ ሊቃውንት አቆጣጠር በሞቃቱ የምድር መቀነት ውስጥ ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለተኛ አየሩ የወይና ደጋ ጠባይ አለው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲመታው ፈጥኖ ይናወጣል፤ ስለዚህ ጣናን «ሐይቅ ብቻ ነው» ብሎ መናቅ አይገባም።

አሁን ወደ ነገራችን እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. እኛ በሰቆጣ የምንሠራ አራት ባልንጀሮች ከወር ደመወዛችን እየቆረጥን ዓመት ሙሉ ባጠራቀምነው ገንዘብ ወደ ጣና ደሴቶች ለመሄድ ተነሣሣን። ከአራታችን የአንዱ እናት መነኩሲት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማሆይ» እያልን የምንጠራቸው። ልጃቸው ሕፃን ሳለ በጠና ታሞ፣ ከአንድ መናኝ ስሙን የሰሙትን የናርጋ ሥላሴን ደጅ እሳለማለሁ ብለው ተስለው ነበር። ልጁ ድኖ፣ አድጎ፣ ተምሮ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ስለቱ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሳይፈጸም ቆየ። በዚያን ጊዜ የእማሆይ ቀኝ ዓይን ፈጽሞ ጠፍቶ፣ ግራውንም ሞራ ይሸፍነው ጀምሮ ነበር። «ደጁን መሳለም ብቻ አይደለም፤ ላየው ተስያለሁ» ይሉ ነበርና፣ ጉዳዩ ለሌላ ዓመት የሚተላለፍ አልነበረም።

ናርጋ በጣና መካከል ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ በሆነው በደቅ ምዕራባዊ ጠርዝ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የሥላሴ በዓል ጥር 7 ቀን ይውላል፤ የኛ ፈቃድ ደግሞ አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር 7 ሐሙስ ስለዋለ፣ እሑድ ጥር 3 ተነሥተን እሑድ ጥር 10 ለከተራ ሰቆጣ ብንመለስ ፈቃዳችን ልክ ይሞላል። አንድ ቀን ብትባክን ግን ወይ በዓሉ ወይ ሥራው ያመልጣል።

ክርክራችን የተነሣው በወደቡ ላይ ነው። ከሰቆጣ በብልባላ ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ የሚወርደው መንገድ ወረታ ላይ ይሰነጠቃል። ወደ ግራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ባሕር ዳር ነው። ወደ ቀኝ ታጥፈው እስከ አዘዞ ሄደው ወደ ሐይቁ ቢወርዱ ጎርጎራ ነው፤ ይህም ከወረታ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። እንግዲህ ለዋግ ሰው የጣና ጥያቄ የሚቆረጠው ውሃው ዳር ሳይሆን ወረታ ላይ ነው።

ከመካከላችን የታሪክ አስተማሪ የሆነው ባልንጀራችን ለጎርጎራ ተሟገተ። «ጎርጎራ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ያሠሩበት አገር ነው፤ ጥንታዊቱ ደብረ ሲና ማርያም በዚያው አለች፤ የማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳምም ከአጠገቡ ነው፤ ከተማ የማይረብሸው ጸጥተኛ ወደብ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ወደቡ በጣልያን ወረራ ዘመን ተደራጅቶ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ እያቆራረጠ ይመላለስ የነበረው መርከብ መድረሻ ሆኖ ኖሯል።

ሁለተኛው ባልንጀራችን በካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ለቁንዝላ ተሟገተ። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ከደቅ የሚርቁት በተቀራራቢ መጠን ነው፤ በምዕራቡ ዳር ያለችው ቁንዝላ ግን ከሁለቱም ይልቅ ለደቅ ትቀርባለች። «የምንፈራው ውሃውን ከሆነ ውሃው አጭር በሆነበት እንሻገር» አለ። ይህም በማስመሪያው ሲታይ እውነት ነው። ነገር ግን ከሰቆጣ ተነሥቶ ቁንዝላ ለመድረስ ባሕር ዳርን አልፎ፣ በዱርቤቴ ዞሮ ሐይቁን መክበብ ያስፈልጋል፤ ከውሃው የተቆጠበው ሰዓት በየብሱ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል። ማስመሪያ ርቀትን እንጂ መንገድን አይለካም።

እማሆይ ከማዕዘን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሲያዳምጡን ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ሁላችሁም እንዴት እንደምንሄድ ነው የምትነግሩኝ። ውሃው አላሳልፍ ቢለንስ የት ነው የምንጠብቀው? ስንመለስስ ማነው የሚቀበለን?»

ይህች ናት አራተኛዋ ጥያቄ። መነሻ ወደብ መነሻ ብቻ አይደለም፤ መጠበቂያም መመለሻም ነው። ሰው ወደቡን የሚመርጠው ነፋሱ በረጋበት፣ ሞተሩም ደኅና በሆነበት ቀን እያሰበ ነው። ይሁን እንጂ በመልካም ቀን ማንኛውም ወደብ መልካም ነው። ሊመረጥ የሚገባው ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያስጠጋው ነው። ባሕር ዳር በርካታ ጀልባዎች አሏት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይገኛል። የሚያድሩበት ቤት በየዋጋው ሞልቷል። የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፤ ከአረጋዊት እናት ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ በቅርብ ርቀት የዘጌ ገዳማት ስላሉ፣ ውሃ ያልለመደ ሰው በአጭሩ ራሱን ይፈትናል። በዚያም ላይ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል በጣና ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭ የተባለው አረም የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለነበረ፣ ይህንንም በሒሳባችን አስገባነው። ስለዚህ ባሕር ዳርን መረጥን።

አንድ ነገር ግን ተከፈለ። አስተማሪው ባልንጀራችን ጎርጎራን ሲተው፣ በምትኩ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበትን ዳጋ እስጢፋኖስን ለማየት ተመኝቶ ነበር። ዳጋ ግን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ጉዞው የእማሆይ ስለት ነውና ዳጋን ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው።

ሰኞ ማታ ባሕር ዳር ገባን። በማግስቱ ጀልባ ስንጠይቅ አንድ ወጣት ነጂ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ነገረን፤ ነገር ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አልነሣም አለ፤ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውም ሰደርያ አልነበረውም። ተሰናበትነው። ሌላው ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነበር። ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ስንት እንደሆንን፣ ከመካከላችን ዋና የሚችል እንዳለ፣ መቼ ለመመለስ እንዳሰብን ጠየቀን። «ጣና ጠዋት እናት ነው፤ ከቀትር በኋላ እንጀራ እናት ነው። ጎህ ሲቀድ ካልተነሣችሁ ከኔ ጋር አትሂዱ» አለ። ከዋጋው ይልቅ ጥያቄው ደስ አሰኘንና ከርሱ ጋር ተዋዋልን። እኩሌታውን ስንነሣ፣ እኩሌታውን ስንመለስ ልንከፍል፣ እርሱም በናርጋ ሁለት ሌሊት ሊጠብቀን ተስማማን። አድርሶን ቢመለስና በኋላ መጥቶ ቢወስደን ይረክስልን ነበር፤ ነገር ግን በደሴት ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ቀጠሮ መጠበቅን አልወደድነውም።

በዚያው ማክሰኞ ለሙከራ ወደ ዘጌ ተሻገርን። እማሆይ ከጀልባዋ መካከል ተቀምጠው የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው፣ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ እየጸለየ ነበር። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ደጅ ተሳልመው፣ በቡናው ደን ጥላ ሥር ዐርፈው ስንመለስ «ይኸው ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ ወዲያ የፈራነው እኛ ነበርን እንጂ እርሳቸው አልነበሩም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ነበር። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ማልደው የወጡ ዓሣ አጥማጆች በጭጋጉ ውስጥ እንደ ጥላ ይታዩ ነበር። ክብራን ገብርኤልንና እንጦስ ኢየሱስን አልፈን ሰፊው ውሃ ላይ ስንወጣ ዳርቻው ሁሉ ከዓይናችን ጠፋ። የተራራ ሰው ምልክት ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ዐወቅን። ብዙ ከሄድን በኋላ በዛፍ የተሸፈነው የዳጋ ኮረብታ ብቅ አለ። አስተማሪው ባልንጀራችን ባርኔጣውን አውልቆ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቃል ሳይናገር ወደዚያው ሲመለከት ቆየ።

ከቀትር በፊት ናርጋ ደረስን። እማሆይ በሩን ተሳልመው፣ የድንጋዩን ግንብ በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩት። ከውስጥ በግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ነው። ልጃቸው ይህን ሲነግራቸው፣ የቀረውን ዓይናቸውን ከሥዕሉ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «እቴጌም እንደኔ ወድቀው ነው የለመኑት?» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኛም ገንዘባችንና ፈቃዳችን ምን እንደገዛልን የዚያን ጊዜ ተረዳን።

በበዓሉ ቀን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ነጭ አረፋ ለበሰ። ለመመለስ የቸኮለ ሰው ቢኖርም ነጂያችን ንቅንቅ አላለም፤ አደርን። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ወደ ዘጌ ስንቃረብ ሞተሩ ጠፋ፤ ቢሞክረው ቢሞክረው እንቢ አለ። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ የጫነ ጀልባ መጣና በገመድ ጎትቶ ወደ ዳር አደረሰን፤ ከዚያም ሌላ ጀልባ ወሰደን። የእማሆይ ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ጀልባ በማይበዛበት ዳርቻ ብንሆን ኖሮ የከሰዓት በኋላው ነፋስ በዚያው ባገኘን ነበር። እሑድ ለከተራ ሰቆጣ ገባን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በዚያው ዓመት መጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገባ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ዋግን ደርሶ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። የእማሆይ ግራ ዓይንም በዚያው ዘመን ፈጽሞ ጠፋ፤ በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ቀን ግን ለሚጠይቃቸው ሁሉ የናርጋን በርና የእቴጌይቱን ሥዕል መልክ ሳያዛንፉ ይናገሩ ነበር። ዳጋን «ለሌላ ጊዜ» ያልነው ባልንጀራችን ያን ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አላገኘውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ስለተነሣ፣ ወደ ጣና ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከአራቱ ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት ግድ ሆኖበታል።

የወደቦቹም ነገር ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል። ባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. ግንቦት 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ ተመርቆላታል። ጎርጎራም በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፉት ሦስት ቦታዎች አንዷ ሆና ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶባታል። ስለዚህ ዛሬ ሒሳቡ በሌላ መልክ ይሠራ ይሆናል፤ ለወጣቶችና ለጤነኞች፣ ጎንደርንም ለማየት ላሰበ ሰው ጎርጎራ የተሻለ ሊሆን ይችላል። እኛም «ባሕር ዳር ከሁሉ ይበልጣል» ለማለት አይደለም የጻፍነው። መልሱ ከመንገደኛውና ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል፤ ጥያቄዎቹ ግን አይለወጡም።

ይህን ለማውሳት የወደድንበት ሌላም ምክንያት አለን። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ውሃውን ሲያቁር፣ ሐይቁ ወደ ዋግም ዘልቆ ገብቷል። በአበርገሌና በዝቋላ የሚኖሩ፣ አያቶቻቸው ተከዜን በዋንጫ ድንጋይ እየቈጠሩ የተሻገሩ ወጣቶች ዛሬ መረብ ይጥላሉ፤ በጀልባ ይሻገራሉ። እኛ የተራራ ልጆች ሳናስበው የወደብ ባለቤቶች ሆነናል። በዚህ አዲስ ውሃ ዳር ማረፊያ የሚያበጅ ሹም፣ ማኅበር የሚያደራጅ ባለሙያ፣ ተማሪዎቹን ለጉብኝት የሚወስድ አስተማሪ ሁሉ፣ ጀልባዋ ከየት እንደምትነሣ ከመወሰኑ በፊት ያችን የእማሆይን ጥያቄ ይጠይቅ ዘንድ እንለምናለን፦ ውሃው አላሳልፍ ቢለን የት እንጠብቃለን? ስንመለስስ ማን ይቀበለናል?